ጋብዟቸው፤ ግን አታስገድዷቸው!

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገበታ ነው። የቤቱን ገበታ ማለቴ አይደለም። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ደመወዝ ሲወጣ ወይም ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ የምንሄድበትን ሬስቶራንት ነው የማነሳው። በጣም ውድ ያልሆነ፣ በጣም ርካሽም ያልሆነ፣ «ቤተሰብ ይዞ የሚገባበት» የምንለው ዓይነት። እኛ መልካሳ ያለን ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ምሳ ብዙ ጊዜ አዳማ እንወጣለን። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ ወሬ ጀምረን ሳንጨርስ እንደርሳለን።

አስተያየቴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ሰው ሬስቶራንት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከምግብ ዝርዝሩ ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠው ወዳጁ ነው። አዎ፣ የሚወደው ሰው። «በሞቴ» የሚለው፣ ጉርሻ የሚደግመው፣ «አንድ ቀን ነው፣ ምን አለበት!» የሚለው ሰው።

ይህን ስል ግብዣን መቃወሜ አይደለም። አብሮ መብላት መድኃኒት ነው፤ ብቻውን የሚበላ ታማሚ ደስታውም የምግብ ፍላጎቱም እንደሚቀንስ በየቀኑ አያለሁ። ጉርሻም ፍቅር ነው። ግን ፍቅሩ ሳይቀር ማስገደዱ ሊቀር ይችላል። የዛሬው ጽሑፌ ይኸው ነው።

«አንድ ቀን ነው» የምንለው ስንት ቀን ነው?

እስቲ አብረን እንቁጠር። የልጅ ምርቃት አንድ ቀን ነው። ክርስትና አንድ ቀን ነው። ሰርግ አለ፣ መልስ አለ። ገናና ፋሲካ፣ ኢድ፣ ኢሬቻ አለ። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ከየክልሉ የሚመጣው ሠራተኛ ለሦስትና ለአምስት ቀን ሥልጠና እየተቀመጠ ቁርስ፣ የሻይ እረፍት ከነኬኩ፣ ምሳ፣ እንደገና የሻይ እረፍት ከነብስኩቱ ይቀርብለታል። ማታ ደግሞ ጓደኛ «ና እንውጣ» ይላል። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚመጣው እንግዳ ሲደመር፣ «አንድ ቀን» የተባለው ነገር በወር ስድስትና ሰባት ቀን ይሆናል።

ደም ሥራችን ቀኑ የበዓል ይሁን የሥራ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የሚያንስ ነው። እንጀራው፣ ወጡ፣ ሾርባው፣ በተለይ በኩብ የሚሸጠው የሾርባ ቅመም፣ ከዚያ ሚጥሚጣው (ሚጥሚጣ ውስጥ ጨው እንዳለ የሚረሳው ሰው ብዛቱ!)፣ አዋዜው፣ ካቻፑ ሲደማመሩ አንዱ ምሳ ብቻውን ከቀኑ ልክ ሊያልፍ ይችላል።

ለስላሳውስ? አንድ 300 ሚሊ ሊትር የተለመደ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ለሻያችሁ 8 ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብታዩ ትጮኻላችሁ። በጠርሙስ ሲመጣ ግን «ቀለል ያለ ነገር አምጡለት፣ ቢራ አይጠጣም» እንላለን።

እራት ወይስ ኢንሱሊን፣ የቱ ይቀድማል?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በስድሳዎቹ መጨረሻ የሚገኙ አንድ አባት ናቸው፤ ስኳር ካለባቸው ቆይቷል፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በጣም ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ልጃቸው ተመርቃ ቤተሰቡ ለእራት ሊወጣ ሲል እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቤት ውስጥ ተወግተው ወጡ። «ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት» ተብለው ተምረዋል፤ ትምህርቱን አክብረዋል።

ሬስቶራንቱ ግን የምርቃት ሰሞን ነውና ሞልቷል። ወንበር ለማግኘት ጠበቁ። ከተቀመጡ በኋላ ምግቡ ዘገየ። ታላቁ ልጅ «አባባ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ቢራ ይቅመሱ» አለ። ደስታ ነውና ቀመሱ፤ በባዶ ሆዳቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልባቸው ጀመር። ንግግራቸው ተንተባተበ፣ ተቆጡ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ቤተሰቡ ሳቀ፤ «አንድ ቢራ ነው እንዴ እንዲህ ያደረጋቸው!» ተባለ። አንድ የአጎት ልጅ «አይ፣ ይህ ስካር አይደለም» ብሎ ባይነሳ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ስተው ጤና ተቋም ሲደርሱ የደም ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ነበር። በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጣቸውና ነቁ። ከዚያ በኋላ ለክትትል እኔ ዘንድ ሲመጡ ነው ታሪኩን የሰማሁት።

እዚህ ገበታ ላይ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚወዷቸው ናቸው። ግን ኢንሱሊኑ ቀደመ፣ ምግቡ ዘገየ፣ ቢራው ደግሞ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ አገደው። ሦስቱ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናል።

ስለዚህ ይህችን በደንብ ያዙልኝ፦

1. ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የምትወጉ ሰዎች፣ ቤት ወግታችሁ ወደ ሬስቶራንት አትውጡ። ይዛችሁ ሂዱ፤ የአዳማ ሙቀት እንዳያበላሸው በጥላና በቀዝቃዛ ነገር ይያዝ። ምግቡ መቼ እንደሚደርስ አስተናጋጁን ጠይቃችሁ ስታረጋግጡ ትወጋላችሁ። የኢንሱሊን ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ የእናንተው ሰዓት የቱ እንደሆነ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱም እንዲሁ፤ ክኒኑን ውጣችሁ ምግብ ማዘግየት አደገኛ ነው።

3. ስኳር ያለበት ሰው ገበታ ላይ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ያለ ባሕርይው ከተቆጣ «ሰከረ» አትበሉ። መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡት (ስኳር አልባው አይሠራም!)። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙ። ሲሻለው ምግብ ይብላ።

4. ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አያችሁ? ቅድም ያማሁት ለስላሳ እዚህ ጋ ሕይወት አዳነ። ምግብ ጠላት አይደለም፤ ጊዜውና መጠኑ ነው ነገሩ።

«ዛሬ ሥጋ ስለምበላ መድኃኒቴን አልዋጥኩም»

ይህን ዓረፍተ ነገር የማልሰማበት ሳምንት የለም። የደም ግፊት መድኃኒት ከሥጋ ጋር አይጣላም! እንዲያውም ጨውና ቅባት በሚበዛበት ቀን መድኃኒቱን መተው ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ጣራ እንደማፍረስ ነው።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ሽንት የሚያበዛውን ክኒን «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ብለው ይተዉታል። ችግሩ ይገባኛል፤ ሚኒባስ ለአንድ ሰው ሽንት አይቆምም። ግን መፍትሔው መተው አይደለም። የመዋጫ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ቀላል ጥያቄ ነው፣ አትፈሩ።

ፖርቹጋሎች ዘንድ «አይ» ማለት ይቻላል

ወደ አንድ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁና እንመለሳለን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለሥልጠና ሊዝበን ከርሞ መጥቶ፣ እዚያ ተራው ሠራተኛ ምሳ የሚበላባቸው መካከለኛ ምግብ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ሲያጫውተኝ ሦስት ነገር ገረመኝ።

የመጀመሪያው፣ እንደተቀመጣችሁ ሳታዙ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቅቤ፣ አይብ ይመጣል። «ኩቬር» ይሉታል። ካልፈለጋችሁት ትመልሱታላችሁ፤ ካልነካችሁት አይከፈልበትም። የሚቀየም የለም። «ለምን አልበላህም? ቤቱን ናቅኸው?» የሚል የለም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸው ላይ ሁለት ዋጋ ይጽፋሉ። አንዱ የሙሉ ሳህን ነው። ሌላው «ሜያ ዶዝ» ይባላል፤ ግማሽ ማለት ነው። ግማሽ ያዘዘ ሰው ቆጣቢ ወይም ምስኪን አይባልም። ሆዱን የሚያውቅ ሰው ነው፣ በቃ።

ሦስተኛው ሾርባቸው ነው። ከሚወደዱት አንዱ «ካልዶ ቬርዴ» ይባላል፤ ድንችና በስሱ የተከተፈ ጎመን ነው፣ ላዩ ላይ ቁራጭ ቋሊማ ጣል ይደረግበታል። ጎመን! እኛ ከጾም ቀን ውጪ ለእንግዳ ማቅረብ የምናፍርበት ጎመን፣ እነሱ ዘንድ የክብር ምግብ ነው።

ፖርቹጋሎች ቅዱሳን ናቸው እያልኩ አይደለም። የታወቁበት ምግብ «ባካልያው» በጨው የደረቀ ዓሣ ነው፤ ጨው በማብዛትም ለረጅም ጊዜ ሲታሙ የኖሩ ናቸው። ግን ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ዓሣውን ከማብሰላቸው በፊት አንድም ሁለትም ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየቀያየሩ ጨውን ያስወጡታል። መንግሥታቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ ዳቦ ጋጋሪዎች በ100 ግራም ዳቦ ውስጥ ከ1.4 ግራም በላይ ጨው እንዳይጨምሩ ከለከለ። ጨው የሚወድ ሕዝብ ጨው ለመቀነስ ወሰነ ማለት ነው። ይቻላል።

ምግባቸውም ለእኛ ምላስ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። በዓለም የታወቀው የዶሮ ጥብሳቸው «ፒሪ ፒሪ» በሚሉት በርበሬ ነው የሚሠራው፤ ቃሉም በስዋሂሊ በርበሬ ማለት ከሆነው የመጣ ነው። የበርበሬ መገኛው አሜሪካ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አፍሪካና እስያ ጠረፎች ካሰራጩት ውስጥ ዋነኞቹ የፖርቹጋል መርከበኞች ነበሩ። ስለዚህ ዶሮና በርበሬ ላይ ዘመዳሞች ነን። የማንመሳሰለው «አይ፣ ይበቃኛል» የሚለው ቃል ላይ ነው።

አዳማ ላይ ምን እንዘዝ?

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ አካባቢ ለጤናማ ገበታ የታደለ ነው። ከቆቃና ከዝዋይ ዓሣ ይመጣል፤ ቆሮሶውም አምባዛውም። ችግሩ ዓሣው አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ዘይት ውስጥ ገብቶ መጠበሱ ነው። ያውም ብዙ ጊዜ በተመላለሰና በጠቆረ ዘይት። «በፍም ወይም በምድጃ ይጠበስልኝ» በሉ። ከሌላቸው የዓሣ ጉላሽ ወይም የዓሣ ሾርባ ይሻላል፤ «ጨው ቀነስ» የሚለውን ጨምሩበት።

ቦሎቄ አለ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ቦሎቄ ሲያሻሽል የኖረ ነው፤ «አዋሽ 1» የተባለው ነጭ ቦሎቄ የታወቀ ዝርያ ነው። «መልካ አዋዜ» እና «መልካ ዛላ» የተባሉት የበርበሬ ዝርያዎችም ከዚሁ ከደጃችን የወጡ ናቸው። ነጩን ቦሎቄ ለውጪ ገበያ እንልካለን፤ ሰው ስንጋብዝ ግን እንደ ድሃ ምግብ እናየዋለን። ቦሎቄ ፕሮቲንና አሰር የበዛበት፣ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ የሚያወጣ ምግብ ነው። ፖርቹጋሎች ቦሎቄን ከሥጋ ጋር አብስለው «ፌይዥዋዳ» ብለው በኩራት ያቀርቡታል። የአዳማ ሬስቶራንቶች ባለቤቶች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አንድ የቦሎቄ ምግብ ዝርዝራችሁ ውስጥ ብትጨምሩ ለከተማው ውለታ ነው።

ሳህናችሁን በዓይናችሁ ለአራት ክፈሉት። ሁለቱ እጅ አትክልት ይሁን፦ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶልያ። አንዱ እጅ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ቀይ ሥጋ ወይም ቦሎቄ። የቀረው አንድ እጅ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ዳቦ። እንጀራውን ከላዩም ከሥሩም ካነጠፍን፣ ጭማሪም ካስመጣን ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ጥሬ ሥጋውን በተመለከተ አቋሜን ታውቃላችሁ፤ ኮሶ ከእሱ ነው የሚመጣው፤ ብሰሉ በሉት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኩላሊት ድካም ያለባችሁ ሰዎች ይህን ዝርዝር እንዳለ አትውሰዱት። ቦሎቄም፣ አንዳንዱ አትክልትም፣ የሥጋውም መጠን ለእናንተ የተለየ ልክ ሊኖረው ስለሚችል ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ለጋባዥ፣ ለተጋባዥ፣ ለአስተናጋጅ

ጋባዥ ሆይ! ስልክ ስትደውል «ስንት ሰዓት ትመጣላችሁ?» ብቻ አትበል። «የማትበሉት ነገር አለ ወይ?» ብለህ ጨምር። ሰው ፊት ሳይሆን ቀድመህ፣ በስልክ። ገበታው ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ አቅርብ። «ይበቃኛል» ካለ፣ ይበቃዋል። ሁለተኛውን «በሞቴ» ለሌላ ነገር አስቀምጠው። እውነት ነው የምላችሁ፣ በሞታችሁ ስታስምሉት እሱ በራሱ ጤና ነው የሚከፍለው።

ተጋባዥ! ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለብህ መናገር ነውር አይደለም። «ሆዴን አሞኛል»፣ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እያልን እንደብቃለን፤ ከዚያ ሲያስገድዱን የምንከላከልበት አጥተን እንበላለን። እውነቱ ይቀላል፦ «ስኳር አለብኝ፣ ይህ ለእኔ በቂ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ይህን ሰምቶ የሚያስገድድ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ሕመምህን አብሮህ የተቀመጠ ሰው ካወቀ ብቻ ነው ላብ ሲያጠምቅህ «ሰከረ» ሳይል የሚደርስልህ።

አስተናጋጅ ወንድሞችና እህቶች! «ጨው ቀንሱልኝ» ያላችሁን ሰው ፊት አታጥቁሩበት። «ምግቡ ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ የጠየቃችሁን ሰው «አሁን ይደርሳል» ብላችሁ አትሸኙት፤ እውነተኛውን ደቂቃ ንገሩት። እናንተ ለማረጋጋት ብላችሁ የምትሏት «አሁን» ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው የመርፌ ምልክት ናት። ለባለቤቶቹ ደግሞ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ግማሽ ሳህን በግማሽ ዋጋ ሽጡ። ኪሳራ አይመስለኝም። «ሙሉ አልጨርስም» ብሎ ቤቱ የሚቀረው አያቴና አክስቴ ሁሉ ይመጡላችኋል።

ባህላችን ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ አይጠፋም። የጉርሻ ትርጉሙ «አስቤሃለሁ» ማለት ነው። ለስኳር ታማሚ ከጎመኑና ከዓሣው ትንሽ አድርጎ ያጎረሰ ሰው ከማንም በላይ አስቦታል።

በዚህ ሳምንት ሬስቶራንት የምትሄዱ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ከመሄዳችሁ በፊት ለጋባዣችሁ ላኩለት። በስም መናገር ካፈራችሁ እኔ ተናግሬላችኋለሁ፤ «ዶክተሩ ነው ያለው» በሉት። ገጠመኛችሁንና ጥያቄያችሁን ደግሞ ከታች ጻፉልኝ።

መልካም ምግብ፣ መልካም ጤና!